የድሃው ጠመንጃ፦ ርካሽ የዒላማ ጠመንጃ በእንግሊዝ አገር እንዴት ተወለደ፣ ለምንስ ተፈራ?



ሰሞኑን በአሜሪካ በቨርጂኒያ የሚኖር የዩኒቨርሲቲ ዘመን ጓደኛዬ ደውሎልኝ ስለ አገር ጉዳይ ስንጨዋወት ከቆየን በኋላ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር ዒላማ የሚተኩስበት ርካሽ ጠመንጃ ሊገዛ ማሰቡን አጫወተኝ። «ሃያ ሁለት ካሊበር የምትባለዋን ትንሿን ነው የምፈልገው፤ ጥይቷም ርካሽ ነው» አለኝ። የታሪክ መምህር እንጂ የጦር መሣሪያ ነጋዴ ስላልሆንኩ የትኛውን ሞዴል እንደሚመርጥ ልመክረው አልቻልኩም። ነገር ግን «ርካሽ» የምትለው ቃል በአእምሮዬ ስትመላለስ ሰነበተች። ጠመንጃ እንዴት ርካሽ ይሆናል? ርካሽ እንዲሆንስ የሚፈልገው ማን ነው? እኔ እስከማውቀው ድረስ ለዚህ ጥያቄ የሚቀርበው መልስ ከፋብሪካ ይልቅ በፖለቲካ ውስጥ የሚገኝ ነው። ይህንንም ከሁሉ አጉልቶ የሚያሳየው ከ1901 እስከ 1920 ያለው የእንግሊዝ አገር ታሪክ ይመስለኛል። (ዘመናቱ ሁሉ፣ ለብቻው ካልተጠቀሰ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ስለ ጥይቷ ጥቂት ልበል። በ1845 ሉዊ ኒኮላ ፍሎቤር የተባለ የፓሪስ ጠመንጃ ሠሪ፣ ባሩድ የሌላት፣ በቀለሁ ውስጥ ባለው ተቀጣጣይ ኬሚካል ኃይል ብቻ ትንሽ የእርሳስ ድቡልቡል የምትወረውር ጥይት ሠራ። የተሠራችውም ለጦርነት ወይም ለአደን ሳይሆን፣ ሀብታሞች በሳሎናቸውና በአትክልት ቦታቸው ከምሳ በኋላ እንዲዝናኑባት ነበር። በ1857 የአሜሪካው ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሐሳቧን አሻሽሎና ባሩድ ጨምሮባት ለትንሽ ሽጉጥ አዋላት። በ1887 ደግሞ በማሳቹሴትስ የሚገኘው የስቲቨንስ ኩባንያ እስከ ዛሬ በዓለም ላይ እጅግ በብዛት ከሚተኮሱት ጥይቶች አንዷ የሆነችውን «ሃያ ሁለት ሎንግ ራይፍል» አወጣ። የአፈሙዟ ስፋት 5.6 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን፣ የእርሳሷ ክብደት 2.6 ግራም ገደማ ነው።

ርካሽነቷ የሚመነጨው ከአሠራሯ ነው። ተቀጣጣዩ ኬሚካል በቀለሁ መሐል ለብቻው በሚገባ ቆብ ውስጥ ከመቀመጥ ይልቅ በቀለሁ ጠርዝ ውስጥ ተቀብቶ ይደርቃል። ስለዚህ ቀለሁ ስስ ይሆናል፤ አሠራሩ ይቀላል፤ የነሐሱም ወጪ ይቀንሳል። የባሩዱ ግፊት ዝቅተኛ በመሆኑ ጠመንጃው ወፍራም ብረት አይጠይቅም። እርሳሱ ለስላሳ ስለሆነም አፈሙዙን ቶሎ አይበላውም። ከሁሉ በላይ ግን ድምፁ ትንሽ፣ ጉልበቱም ውስን በመሆኑ ሰፊ ሜዳ አይፈልግም። በአንድ አዳራሽ ምድር ቤት፣ በ25 ያርድ ርቀት፣ ከኋላው የብረት ሳህንና አሸዋ ተደርጎ መተኮስ ይቻላል። ይህ የመጨረሻው ነገር ዋና መሆኑን በኋላ እናየዋለን።

ለእኛ አገር አንባቢ ይህ ሁሉ እንግዳ ነገር ሊመስል ይችላል። እኛ ጠመንጃን የምናውቀው በሌላ መልኩ ነውና። ስናድር፣ ውጅግራ፣ ለበን፣ ምንሽር፣ ቤልጅግ የሚሉት ስሞች በአያቶቻችን አንደበት የጌጥና የክብር ስሞች ነበሩ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያና በ20ኛው መባቻ የውጅግራ ጥይት ከአሞሌ ጨውና ከማርያ ቴሬዛ ብር ጎን በገበያ እንደ ገንዘብ ይዘዋወር እንደነበር ይታወቃል። እንግዲህ አስቡት፦ ኪስ ውስጥ ያለው ጥይት በግ የሚገዛበት ዝርዝር ሆኖ ሳለ፣ ማን ነው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እንጨት ላይ ምልክት አድርጎ ሲተኩስበት የሚውለው? በዓል፣ ለቅሶና ሠርግ ሲሆን ወደ ሰማይ መተኮሱ የተለየ ነገር ነው፤ ያ ሀብትን በአደባባይ ማቃጠል ነበር። ዒላማ መተኮስ የተራው ሰው ጨዋታ የሚሆነው ጥይት ከገንዘብነት ወርዶ ዕቃ ሲሆን ብቻ ነው።

እንግሊዝ አገርም ቢሆን ለረዥም ጊዜ ዒላማ መተኮስ የተራው ሰው ጨዋታ አልነበረም። በ1859 ከፈረንሳይ ወረራ ይመጣል በሚል ስጋት የበጎ ፈቃደኛ ጦር ሲቋቋም፣ የብሔራዊ ጠመንጃ ማኅበር የሚባለውም አብሮ ተቋቋመ። በቀጣዩ ዓመት በዊምብልደን የመጀመሪያውን ውድድር ንግሥት ቪክቶሪያ ራሳቸው በማቆሚያ ላይ በተጠመደ ጠመንጃ ተኩሰው ከፈቱት። ውድድሩ በ1890 ወደ ቢዝሊ ተዛወረ። ይሁን እንጂ በዚያ የሚተኮሰው በሙሉ የጦር ሠራዊት ጠመንጃ፣ በመቶዎች በሚቆጠር ያርድ ርቀት ነበር። ለዚያ ሰፊ መሬት ያስፈልጋል፤ የባቡር ዋጋ ያስፈልጋል፤ ሥራ የሌለበት ሙሉ ቀንም ያስፈልጋል። የበርሚንግሃም ፋብሪካ ሠራተኛ ከሦስቱ አንዱም አልነበረውም።

ይህንን የለወጠው የደቡብ አፍሪካው ጦርነት ነው። በታኅሣሥ 1899፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ፣ የእንግሊዝ ጦር በስቶርምበርግ፣ በማገርስፎንቴይንና በኮሌንሶ ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ተሸነፈ። እንግሊዞች «ጥቁሩ ሳምንት» ይሉታል። ያሸነፏቸው የሠለጠነ ጦር አልነበሩም፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ ጠመንጃ ይዘው ያደጉ፣ የጀርመን ማውዘር የታጠቁ የቦየር ገበሬዎች ነበሩ። ዓድዋ ላይ ኢጣልያ ከተሸነፈች አራት ዓመት እንኳ አልሞላም ነበር። ሁለቱን ጦርነቶች ማመሳሰል ብዙ ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ ነገር ግን የአውሮፓ ጋዜጦች በሁለቱም ጊዜ የጠየቁት ጥያቄ አንድ ዓይነት ነበር ማለት ይቻላል፦ ገበሬ እንዴት ሠራዊትን ያሸንፋል?

ለንደን ለዚህ የሰጠችው መልስ «ገበሬው አልሞ መተኮስ ስለሚያውቅ፣ የእኛ የከተማ ልጅ ግን ስለማያውቅ ነው» የሚል ሆነ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሎርድ ሳልዝበሪ በግንቦት 1900 ባደረጉት ንግግር በእያንዳንዱ የእንግሊዝ ጎጆ ውስጥ ጠመንጃ ማየት እንደሚመኙ ተናገሩ። እኚህ ሰው ወግ አጥባቂ መኳንንት እንጂ አብዮተኛ እንዳልነበሩ ልብ ይሏል። በኮሌንሶ ጦርነት አንድ ልጃቸውን ያጡትና ወዲያው የደቡብ አፍሪካውን ጦር እንዲመሩ የተላኩት ፊልድ ማርሻል ሎርድ ሮበርትስም የዚህ ሐሳብ ዋና ሐዋርያ ሆኑ። በ1901 ቻርልስ ሉአርድ የተባሉ ጡረታ የወጡ ሜጀር ጄኔራል የሠራተኛ ሰዎች የጠመንጃ ክበቦች ማኅበርን መሠረቱ። በ1903 ከሌላ ማኅበር ጋር ተዋሕዶ «የትንንሽ ጠመንጃ ክበቦች ማኅበር» ተባለ፤ ሮበርትስም ፕሬዚዳንቱ ሆኑ። (የሉአርድ የግል ታሪክ አሳዛኝ ነው። ነሐሴ 1908 ባለቤታቸው በኬንት በአንድ የጫካ ውስጥ ጎጆ በሽጉጥ ተገድለው ተገኙ፤ ገዳዩ እስከ ዛሬ አልታወቀም። እርሳቸውም የሰው ሐሜት በዝቶባቸው በመስከረም ወር ራሳቸውን ባቡር ሥር ጣሉ።)

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ብዬ አንድ ነገር ማንሣት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም የእንግሊዝ ታሪክ ጸሐፍት ስለ ጠመንጃ ክበቦች ሲጽፉ ብዙ ጊዜ የሚያልፉት ይመስለኛል። ይኸው በእያንዳንዱ ጎጆ ጠመንጃ ይግባ ያለው ግዛት፣ ከሃያ ዓመት በፊት በዚያው በደቡብ አፍሪካ የተለየ ሐሳብ ነበረው። የባሱቶ ወጣቶች ወደ ኪምበርሊ የአልማዝ ማዕድን እየወረዱ በላባቸው ባገኙት ደመወዝ ጠመንጃ እየገዙ ወደ አገራቸው ይመለሱ ነበር። የኬፕ ቅኝ ግዛት በ1878 «የሰላም ማስጠበቂያ» የሚል ስም የሰጠውን ሕግ አወጣ። በ1880ም የጎርደን ስፕሪግ መንግሥት ባሱቶዎች ጠመንጃቸውን እንዲያስረክቡ አዘዘ። ባሱቶዎች እምቢ አሉ። ከ1880 እስከ 1881 የተደረገውን ጦርነት ታሪክ «የጠመንጃው ጦርነት» ብሎ ይጠራዋል። ኬፕ ሊያሸንፍ አልቻለም፤ ባሱቶዎች ጠመንጃቸውን ይዘው ቀሩ፤ በ1884ም አገሪቱ ከኬፕ አስተዳደር ወጥታ በቀጥታ በእንግሊዝ ዘውድ ሥር ሆነች።

በ1890 ደግሞ የአውሮፓ መንግሥታት በብራስልስ ተሰብስበው የባሪያ ንግድን እንከለክላለን በሚል ስምምነት ውስጥ፣ ወደ አብዛኛው የአፍሪካ ክፍል ዘመናዊ ጠመንጃ እንዳይገባ የሚከለክሉ አንቀጾች አስገቡ። አፈሙዙ ቦይ የሌለው አሮጌ የድንጋይ ጠመንጃ ሲቀር፣ አልሞ የሚመታው ሁሉ የተከለከለ ሆነ። ኢጣልያም በውጫሌ ውል አንቀጽ 17 አተረጓጎሟ ተመርኩዛ ኢትዮጵያን ወክዬ ገብቻለሁ አለች። ዳግማዊ ምኒልክ ይህን አተረጓጎም ባይንቁትና መሣሪያ ማስገባቱን ባይቀጥሉ ኖሮ የዓድዋው ውጤት ምን ይሆን እንደነበር ለአንባቢ እተወዋለሁ። ለማለት የፈለግሁት ይህን ነው፦ ለአፍሪካዊው የተከለከለው አልሞ የመምታት ችሎታ፣ ለእንግሊዛዊው ሠራተኛ በነጻ ካልተማርክ ተብሎ ተለመነ። መሣሪያው አንድ ነው፤ ልዩነቱ ባለቤቱ ማን እንደሆነ ነው። ልዩነቱ ግን በዘር ብቻ ተወስኖ አልቀረም፤ በኋላ ወደ መደብም ተሻገረ።

ወደ ክበቦቹ ልመለስ። በ1901 አንድ የሠራተኞች ክበብ ሲቋቋም የመጀመሪያው ስብሰባ አጀንዳ ምን ዓይነት ጠመንጃ ይገዛ የሚለው ነበር። የሳሎኑ የፍሎቤር ጠመንጃ ከሁሉ ይረክሳል፤ ነገር ግን ለጨዋታ እንጂ ለውድድር የሚበቃ ትክክለኛነት የለውም። ከአሜሪካ የሚመጡት የስቲቨንስና የዊንቸስተር አንድ-ጥይት ጠመንጃዎች ርካሽም ትክክለኛም ናቸው፤ ሆኖም በአገር ፍቅር ስም ለተቋቋመ ክበብ የባዕድ ዕቃ መግዛቱ ያሳፍራል። ሌላው አማራጭ ከጦር ሠራዊቱ አገልግሎት የወጣው አሮጌው ማርቲኒ-ሄንሪ ነበር። 11.4 ሚሊ ሜትር የነበረውን አፈሙዙን ቀይሮ ወይም በውስጡ ቀጭን ቱቦ አስገብቶ ለትንሽ ጥይት ማዋል ይቻል ነበር። ሞሪስ የተባለ ሰው የሠራው እንዲህ ያለ ቱቦ በሠራዊቱም ዘንድ ለመለማመጃ ይሠራበት ነበር። አሮጌ ብረት በአዲስ አፈሙዝ ማለት ነው። በእኔ ግምት ለድሃ ክበብ ከዚህ የተሻለ ብልኃት አልነበረም።

መንግሥት ግን ሌላ ነገር ፈለገ። የጦር ሚኒስቴሩ በ1906 አንድ የተወሰነ ንድፍ አጸደቀ፤ የበርሚንግሃሙ ቢ.ኤስ.ኤ. እና የለንደኑ ኤል.ኤስ.ኤ. ፋብሪካዎችም ሠሩት። ይህ ጠመንጃ ለወታደሩ ከሚሰጠው ሊ-ኤንፊልድ ጋር እንዲመሳሰል ሆን ተብሎ የታቀደ ነበር። መቀርቀሪያው በዚያው መንገድ ይከፈታል፤ ማነጣጠሪያውም የወታደሩን ይመስላል። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ ሠራተኛው ቅዳሜ በተለማመደው እጁ ጦርነት ሲመጣ ትልቁን ጠመንጃ ይይዛል።

ይሁንና ሠራተኛው በእጁ ገንዘብ ሲያወጣ እንደ ጦር ሚኒስቴሩ አላሰበም። እርሱ የሚፈልገው ወረቀቱ ላይ ያለችውን ጥቁር ነጥብ መምታት ነው። ለዚህ ደግሞ የማርቲኒው አሠራር ይሻላል፤ አጭርና ጠንካራ ነው፤ ምላጩም ሲሳብ ፈጣን ነው። በላዩ ላይ በትንሽ ቀዳዳ የሚታይበት ማነጣጠሪያ ሲጨመርበት የወታደሩን ጠመንጃ በብዙ ያስከነዳል። ስለዚህ እየቆየ ሲሄድ በክበቦቹ ውስጥ ያሸነፈው የመንግሥት ንድፍ ሳይሆን የቢ.ኤስ.ኤ. ማርቲኒ ሆነ። ወታደራዊ ጸሐፊዎች በዚህ ተማረሩ፤ ሰዎቹ በሆዳቸው ተኝተው፣ በቀዳዳ እያዩ፣ በ25 ያርድ ላይ ሲተኩሱ ምኑ ነው የጦር ልምምድ የሚሆነው አሉ። ለእኔ የዚህ ታሪክ ደስ የሚያሰኘው ክፍል ይኸው ነው። መንግሥት ወታደር ሊሠራ ያወጣውን ነገር ሕዝቡ ወስዶ ጨዋታ አደረገው። በ1908 የለንደን ኦሎምፒክ ላይ የትንሽ ጠመንጃ ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገባ፣ የባቡር ሐዲድ ሠራተኛውና የቤተ ክርስቲያኑ ክበብ አባል ልምምዳቸው የዓለም ስፖርት ሲሆን አዩ።

ስለ ምርጫው አንድ ተግባራዊ ነገር ልጨምር፤ ዛሬም ቢሆን አሮጌ ጠመንጃ ለሚገዛ ሰው ይጠቅመዋል። በዚያ ዘመን ጥይቱ ውስጥ የነበረው ተቀጣጣይ ኬሚካል ሲነድ እርጥበት የሚስብ ጨው ይተዋል። ያ ጨው በአንድ ሌሊት አፈሙዙን ያዝገዋል። ስለዚህ በአንድ ክበብ ውስጥ ውድ ጠመንጃ ይዞ ሳያጸዳ የሚያድር ሰው፣ ርካሹን ይዞ በፈላ ውኃና በዘይት በሚያጸዳው ይሸነፍ ነበር። የማያዝገው ጥይት በሰፊው ለገበያ የቀረበው በ1920ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ነው። ከዚያ በፊት የተሠራን ጠመንጃ የሚገዛ ሰው ከእንጨቱ ውበት ይልቅ የአፈሙዙን ውስጥ በብርሃን ቢያይ ይሻለዋል።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ሕጉ ምን ይመስል ነበር? በጣም ልል ነበር። በ1870 የወጣው ሕግ ከቤቱ ውጭ ጠመንጃ ለሚይዝ ሰው በዓመት 10 ሽልንግ የሚከፈልበት ፈቃድ እንዲያወጣ ያዝ ነበር፤ ፈቃዱም የሚሸጠው በፖስታ ቤት ነበር። ፖሊስ አይጠይቅም፤ ለምን ፈለግህ የሚል የለም። ከግብር ደረሰኝ ብዙም አይለይም ነበር።

በ1914 የተጠበቀው ጦርነት መጣ። ሮበርትስ በዚያው ዓመት ኅዳር ፈረንሳይ ድረስ ሄደው ወታደሮችን ሲጎበኙ በሳምባ ምች ሞቱ። የመጣው ጦርነት ግን እርሳቸው ያሰቡት ዓይነት አልነበረም። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የመደበኛው ወታደር ፈጣን ተኩስ የታየባቸው ቢሆኑም፣ ከዚያ በኋላ ከግማሽ በላይ የሆነውን የእንግሊዝ ሠራዊት ቁስለኛ ያቆሰለው መድፍ ነው። አልሞ ተኳሹ ሠራተኛ በምሽግ ጭቃ ውስጥ ከሩቅ በማይታይ መድፍ ተደበደበ። ከአሥር ዓመት በላይ የተሰበከው የ«አልሞ መተኮስ ያድነናል» ሐሳብ በሶም ሜዳ ላይ ምን ያህል እንደጠቀመ መገመት አያዳግትም።

ከጦርነቱ የተመለሰው ሰው ግን አልሞ መተኮስ ያውቃል። ችግሩም እዚህ ላይ ጀመረ። ሩስያ ውስጥ በ1917 የሆነው በሁሉም ባለሥልጣን አእምሮ ውስጥ ነበር። በ1918 የለንደን ፖሊሶች ራሳቸው አድማ መቱ። ጥር 31 ቀን 1919 በግላስጎው ጆርጅ አደባባይ ሠራተኞችና ፖሊሶች ተጋጩ፤ መንግሥት ወታደርና ታንክ ወደ ከተማዋ ላከ። አየርላንድም በጦርነት ላይ ነበረች። በ1920 መጀመሪያ ወራት ካቢኔው አብዮት ቢነሣ ማን ታጥቆ ከማን ጋር እንደሚቆም በዝግ ስብሰባ ሲወያይ እንደነበር የካቢኔው ምክትል ጸሐፊ ቶማስ ጆንስ በያዘው ማስታወሻ ተመዝግቧል።

በዚያው ዓመት የጦር መሣሪያ አዋጅ ወጣ። የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ኤድዋርድ ሾርት ለምክር ቤቱ ሲያቀርቡት የተናገሩት ስለ ወንጀለኞችና ስለ አደገኛ ሰዎች እንጂ ስለ ካቢኔው ስጋት አልነበረም። ከተቃወሙት ጥቂቶች አንዱ የነበሩት ኬንዎርዝይ የተባሉ የፓርላማ አባል፣ ሕዝብ መሣሪያ የመያዝ መብቱን ሲጠብቅ የኖረው መንግሥትንም ጭምር ለመቋቋም እንደነበር አስታውሰው ተናገሩ። የሰማቸው ግን አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ጠመንጃ ለመያዝ የአካባቢውን ፖሊስ አዛዥ የምስክር ወረቀት ማግኘትና በቂ ምክንያት ማቅረብ ግድ ሆነ። ፖስታ ቤት በ10 ሽልንግ ሲሸጥ የነበረው ፈቃድ፣ የአንድ ሹም ፍርድ የሚጠበቅበት ሆነ። በ1900 «በየጎጆው ጠመንጃ» የተባለለት ሠራተኛ በ1920 ለምን እንደፈለገው የሚጠየቅ ሰው ሆነ። ልብ በሉ፤ በእነዚህ ሃያ ዓመታት ውስጥ ጠመንጃዋ አልተለወጠችም። ያው 5.6 ሚሊ ሜትር ናት፤ ያው 2.6 ግራም እርሳስ ናት።

አንዳንድ አንባብያን ይህን ስል የጦር መሣሪያ ቁጥጥርን እየተቃወምኩ እንዳይመስላቸው። በእኛም አገር በ2012 ዓ.ም. የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ሲወጣ ቁጥጥር የሚያስፈልግ መሆኑን ከሚያምኑት ወገን ነበርኩ፤ አሁንም ነኝ። ትንሽ ጥይት ደግሞ ሰው አትገድልም የሚል ካለ ተሳስቷል። ሰኔ 1968 ሮበርት ኬኔዲ የተገደሉት በሃያ ሁለት ካሊበር ሽጉጥ ነው፤ በ1981 ሬገንም የቆሰሉት በዚችው ጥይት ነው። እኔ የምከራከረው ሕጉ ለምን እንደወጣ ለሕዝብ በሚነገረው ምክንያትና በካቢኔ ውስጥ በሚነገረው ምክንያት መካከል ስላለው ርቀት ነው። ርቀቱ ሲሰፋ ሕጉ መልካም ቢሆን እንኳ ዜጋው የሚያምነው ነገር ያጣል።

የእንግሊዝ ታሪክ ልዩ ነው እንዳይባል፣ በሌሎችም አገሮች ትንሿ ጠመንጃ ተመሳሳይ ሥራ ሠርታለች። የቬርሳይ ውል በአንቀጽ 177 የጀርመን የተኩስ ማኅበራት በወታደራዊ ጉዳይ እንዳይገቡ ሲከለክል፣ ጀርመኖች «የትንሽ ካሊበር ስፖርት» በሚል ስም ክበቦችን አስፋፉ። በ1934 የወጣው «የጀርመን ስፖርት ሞዴል» የተባለው ጠመንጃ ስሙ ስፖርት ይሁን እንጂ መልኩ የማውዘር የጦር ጠመንጃ ነበር። ሶቪየት ኅብረትም በ1932 «የቮሮሺሎቭ አልሞ ተኳሽ» የሚል ባጅ ፈጥራ በቱላ ፋብሪካ በተሠሩ አንድ-ጥይት ጠመንጃዎች ወጣቶችን አሠለጠነች። በኋላ በጦርነቱ ስሟ የገነነው ሉድሚላ ፓቭሊቼንኮ መተኮስ የጀመረችው እንዲህ ባለ የኪየቭ ክበብ ውስጥ ነው። ሁለቱም መንግሥታት ጠመንጃውን ያረከሱት ለሕዝባቸው መዝናኛ አስበው እንዳልሆነ ማብራራት አያስፈልግም።

አሜሪካ ግን ሌላ መንገድ ሄደች። እዚያ ትንሿ ጠመንጃ በመንግሥት ምክር ሳይሆን በፋብሪካ ውድድርና በፖስታ ካታሎግ ረከሰች። ጓደኛዬ ሊመርጣቸው ካሰባቸው መካከል በ1960 የወጣው ማርሊን ሞዴል 60 እና በ1964 የወጣው ሩገር 10/22 ይገኙበታል፤ ማርሊን በበኩሉ በ2020 ተሸጦ የሩገር ንብረት ሆኗል። የካታሎጉ ዘመን ያበቃው በ1968 ነው። ከአምስት ዓመት በፊት ኦስዋልድ የኬኔዲን ነፍስ ያጠፋበትን የኢጣልያ ጠመንጃ ከቺካጎ በፖስታ ማዘዙ በሕዝብ ዘንድ አልተረሳም ነበርና፣ የዚያ ዓመቱ ሕግ በፖስታ መግዛትን አስቀረ። ይህ ሰፊ ርእስ ስለሆነ ለሌላ ጊዜ ይቆየኝ።

በእንግሊዝ ያለው ቀሪ ታሪክ አጭር ነው። የትንንሽ ጠመንጃ ክበቦች ማኅበር በ1947 ስሙን ለውጦ ዛሬም በቢዝሊ ይገኛል፤ ያለበት ሕንጻ በሎርድ ሮበርትስ ስም የተሰየመ ነው። በ1987 በሀንገርፎርድ የደረሰው እልቂት ተከትሎ በ1988 በራሳቸው የሚጎርሱ ጠመንጃዎች ሲታገዱ፣ ከእገዳው ውጭ የተደረገችው ይህችው የሃያ ሁለቷ ነበረች። በ1996 በደንብሌን ትምህርት ቤት ሕፃናት ከተገደሉ በኋላ በ1997 ሽጉጥ ሁሉ፣ ትንሹ ሳይቀር፣ ታገደ፤ ጠመንጃዋ ግን ቀረች።

የ1920ው አዋጅ አንዲት ጠባብ በር ትቶ ነበር። ካሊበራቸው ከ0.23 ኢንች የማይበልጥ ጠመንጃዎችን ብቻ ይዞ የተኩስ መጫወቻ የሚያካሂድ ሰው፣ እርሱም ሆነ እዚያ ገብተው የሚተኩሱት ሰዎች የምስክር ወረቀት አይጠየቁም ነበር። የገበያ ቀን መጫወቻው፣ የትምህርት ቤቱና የመንደሩ ክበብ በዚህች አንቀጽ ሥር ኖሩ። ከዚያ ብዙ አዋጆች ሲፈራረቁ አንቀጿ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተገለበጠች ከመቶ ዓመት በላይ ቆየች። ፓርላማው በ2023 ባወጣው ሕግ መጫወቻውን የሚያካሂደው ሰው ራሱ የፖሊስ የምስክር ወረቀት እንዲይዝ ወሰነ። ከፍሎ የሚተኩሰው እንግዳ ግን አሁንም አይጠየቅም።